ሾፌሩ ለሽማግሌው የነገረው

ነጯ መኪና የተገኘችው ጉበት ከሚባለው ባሕር በላይ፣ ወደ ጨው ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ከዋናው በሚገነጠልበት ቦታ ላይ ነው። አራቱም ጎማዎቿ ተንፍሰዋል። ሾፌሩ ጋዲቶ መሪውን እንደጨበጠ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁ በገዛ ሻሹ ከመሪው ጋር ተጠፍሯል። የኋላው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩ ላይ ግማሽ ብስኩት ቀርቷል። ልጅቷ ግን የለችም።

«ሦስት ናቸው» አለኝ ጋዲቶ፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ። «ፊታቸውን ሸፍነዋል። በፒካፕ መጥተው መንገዱን ዘጉብኝ። ልጅቷን ይዘው ወደ ከተማ ነዱ።»

«በምን ቋንቋ አናገሩህ?»

«አልተናገሩም።»

«ሦስት ሰዎች መኪና አስቁመው፣ አንተን አስረው፣ ልጅ ሲወስዱ አንድ ቃል አልተነፈሱም?»

«በምልክት ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ሻሹ ነጭ ነው፤ አቧራ ጠጥቷል፣ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነክቶታል። ቋጠሮው አልፈታ ስላለኝ ጨርቁን በቢላ ቆረጥኩና ቋጠሮውን እንዳለ ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ። አንዱም አልተቀደደም፤ የተነፈሱት ከቫልቩ ነው። የቫልቩ ክዳኖች ደግሞ አራቱም በየቦታቸው ተመልሰው ተገጥመዋል። ጨዋ ሽፍታ አልኩ በልቤ፣ እና አለፍኩት።

ሾፌሩን መጀመሪያ ያገኘው አባ ሉባክ የሚባል ግመል ጠባቂ ሽማግሌ ነው። በእርጅና የደረቀው ጣቱ ቋጠሮውን ስላልቻለው ውኃ አጠጥቶት፣ አላፊ የጨው መኪና ለፖሊስ ቃል እስኪያደርስ አብሮት ቆይቷል። አሁን በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ምን አዩ?»

«አንቺ ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከታጁራ። ምን አዩ?»

«ታጁራ ደህና ናት? ዝናብ ጥሏል?»

«ደህና ናት አባባ፤ ቸኩያለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂ» አለኝና ፊቱን ወደ ግመሎቹ መለሰ።

ሐስና ዲኒ እባላለሁ። የታጁራ ፖሊስ መርማሪ ነኝ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለውም ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

የጠፋችውን ልጅ ግን አውቃታለሁ። ሳዓዳ ኦርቢስ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ የጨው ጫኝ ልጅ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጀልባ መቆሚያው ላይ ትቀመጥና የመጪውን ሁሉ ዳጉ ትሰማለች። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይሰስት ይሰጣጣል፤ ይሄ ዳጉ ነው፣ ውሸት የቀላቀለበት ሰው ስሙ ከራሱ ቀድሞ አገር ይዞራል። ሌላው ሰምቶ ይረሳዋል፤ ሳዓዳ አትረሳም። አንዱ ያወራውን ዝናብ ከሌላው ጉድጓድ፣ ጉድጓዱን ከሦስተኛው ፍየል ጋር ታገናኝና ማን የት እንዳለ በጣቷ ትጠቁማለች። አምና የተሰረቁ ግመሎች ሳሳድድ ጫማዬን ስጨርስ፣ ይህች ልጅ ዳቦ እየገመጠች «ጋጋዴ ሜዳ ላይ ናቸው፣ እዚያ ያለችው ሴትዮ ወተት በዛብኝ ብላለች» አለችኝ። እዚያው ተገኙ።

ከጥቂት ወራት በፊት ይህን ወሬ ባዕዳን ሰሙት። የአድማስ ማዕከል የሚባል ግቢ አላቸው፣ ከከተማው ውጭ፣ በሽቦ የታጠረ፣ በታጠቁ ዘበኞች የሚጠበቅ። ነፃ ትምህርት እንሰጣታለን አሉ። ነጯ መኪና ጠዋት ትወስዳት፣ ማታ ትመልሳት ጀመር፤ ያን ዕለትም ወደዚያው እየወሰደቻት ነበር።

ኃላፊው ሙሴ ቫልደን በዚያው ቀን ቢሮዬ መጣ። ላቡን እየጠረገ ተቀመጠ።

«ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ነው የምንረዳው» አለኝ።

«ስንት ልጆች አሏችሁ?»

«ለጊዜው አንድ።»

«ለአንድ ልጅ ነው ይሄ ሁሉ ጠመንጃና ሽቦ?»

«እኛ የምንሠራው ስለ ወደፊቱ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«እኔ ደግሞ የምጠይቅዎት ስለ ዛሬ ጠዋት ነው። ልጅቷን ማን ይፈልጋታል?»

መነጽሩን አወለቀ። «ሁሉም» አለ። ከንግግሩ ሁሉ እውነት የመሰለኝ ይህች አንዲት ቃል ብቻ ነች።

እሱ እንደወጣ ኮሚሽነር ቡርሃን ደወለ። ኮሚሽነሩ የታጁራ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ ከእናቱ በቀር ማንንም አይፈራም።

«ሐስና፣ ሐሙስ በአውሮፕላን ይወስዷታል። ትእዛዙ ከበላይ ነው የመጣው። ካልተገኘች አንቺም እኔም ወንበር የለንም።»

«የት ነው የሚወስዷት ጌታዬ?»

«ትምህርት ቤት ነዋ!» አለና ዘጋው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አባቷን ኦርቢስን ነው። ምክንያት ነበረኝ። በቀደም በማዕከሉ መኪና ፊት ቆሞ «ልጄ ፍየል አይደለችም!» እያለ ሲጮህ ገበያው ሁሉ ሰምቶታል። ያን ዕለት ጠዋት የት እንደነበር ስጠይቀው ጨው ሐይቁ ላይ ነበርኩ አለኝ፤ ጨው ጫኞቹ ግን አላየነውም አሉ።

«ኦርቢስ፣ ዋሽተኸኛል።»

ረጅም ሰው ነው፤ ወንበሬ ላይ ተጣጥፎ ሲቀመጥ አሳዘነኝ። «አፍሬ ነው» አለ። «ፈቃድ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ብለውኝ ነው። ኋላ ማታ ማታ ስትባንን አየሁ። ያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ ግቢያቸው በር ላይ ነበርኩ፣ ቃሌን መልሱልኝ እያልኩ።»

ዘበኛውን በስልክ አገኘሁት። «ረጅሙ ሰውዬ? ውኃ ረጨንበት እኮ፤ አልሄድም ብሎ እስከ ቀትር ቆሟል» አለኝ። ስለዚህ ኦርቢስ ልጁን ሊወስዳት አይችልም።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። «ሐስና፣ ልጄን አግኚልኝ። ካገኘሻት ግን አትስጫቸው።»

በሩን ከፈትኩለት። ምን እላለሁ? ደሞዜን የሚከፍለኝ ትእዛዙን ያወጣው አካል ነው።

በማግሥቱ ኬላው ላይ ፒካፕ ተያዘ የሚል ጥሪ ደረሰኝ፤ ሦስት ሰዎች፣ ፊታቸውን የሸፈኑ። ሽጉጤን አውጥቼ በረርኩ። ሸራውን ስገልጠው ጭነቱ የደረቀ የሻርክ ዓሣ ነው፤ ሽታው ወደ ኋላ ወረወረኝ። ፊታቸውን የሸፈኑት ከፖሊስ ሳይሆን ከገዛ ዓሣቸው ነው።

«እቴ፣ ካላመንሽን ግቢና ፈልጊ» አለኝ አንዱ፣ ሸራውን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ። ጓደኞቹ በሳቅ ተንከተከቱ።

ልብሴ ሻርክ ሻርክ እየሸተተ ስመለስ አሰብኩ። ሁሉንም ጠይቄያለሁ። ጠይቄው መልስ ያልሰጠኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም መልስ የነሳኝ በገዛ ጥፋቴ ነው። መኪናዬን ወደ ጉበት አዞርኩ።

አባ ሉባክ እዚያው ሰፈር፣ የግመሎቹ ጥላ ውስጥ ነበር። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆምኩና በእግሬ መጥቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ እኔ ሰጠሁ፦ ታጁራ ዝናብ እንዳልጣለ፣ የአሊ ሚስት መንታ እንደወለደች፣ የኬላው መብራት እንደተበላሸ፣ ስለ ሻርኩም ጭምር ነገርኩት። ሻርኩ ላይ ሲደርስ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ።

«የዲኒ ልጅ መሆንሽ አሁን ታወቀኝ» አለ። ተራው ደረሰና የራሱን ጀመረ። ዝናቡን፣ ውኃውን፣ የታመመችውን ግመሉን አንድ በአንድ ሰጠኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ ጭኜ፣ ምላሴን ነክሼ ሰማሁ።

«ከዚያ የታሰረውን ሰው አገኘሁት» አለ። «ከየት ነህ አልኩት። ከታጁራ፣ ታጁራ ደህና ናት፣ የዓሣ ዋጋ ወርዷል አለኝ። ሳጋሉ ላይ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር፣ ተጠግኗል አለ። እዚህ መታጠፊያው ላይ ሁለት አህያ የምትነዳ ሴት አየሁ፣ ወደ ጎዳ ተራራ ትወጣለች፣ ጫማ ያደረገች ትንሽ ልጅ አብራት አለች፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው አለ። መንገዱ ሰላም ነው፣ ክፉ ሰው አላየሁም አለ። ጎማዬ ተንፍሷል፣ እጄ ታስሯል አለ።»

«እጄ ታስሯል ብቻ?»

«ብቻ።»

«ማን አሰረህ አላሉትም?»

«ክፉ ሰው አላየሁም ካለኝ በኋላ ምን ብዬ ልጠይቀው? ሰው አሳፍራለሁ እንዴ!»

«አባባ፣ የታሰረ ሰው አግኝተው መጀመሪያ ዳጉ ነው የተቀበሉት?»

«ታዲያስ! ፈትቼው ዳጉውን ሳይሰጠኝ ቢሮጥስ?»

ጋዲቶን አስጠራሁት። ጉንጩ በጫት ተወጥሮ ገባ። ቋጠሮውን ከላስቲኩ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«ጥርስህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«ይሄን ቋጠሮ ያጠበቀው እጅ አይደለም፤ ሁለቱም እጅህ ታስሯል። በጥርስህ ነው የሳብከው። አረንጓዴው ጫትህ ነው። ጎማህን ደግሞ ሽፍታ ቢያስተነፍሰው ቢላ ይሰካበታል እንጂ ክዳኑን መልሶ አይገጥምልህም። ክዳን እንዳይጠፋ የሚሳሳ ሾፌር ብቻ ነው።»

ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዞረ።

«ለእኔ ሦስት ሽፍታ ሰጠኸኝ። ለአባ ሉባክ ግን ክፉ ሰው አላየሁም አልከው።»

ጋዲቶ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ዋይ! ዋይ በይኝ! ሁሉንም አስቤ ነበር እኮ። ሻሹን፣ ፒካፑን፣ ሁሉን። ሽማግሌ መጥቶ ዳጉ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም!»

«ለምን አልዋሸኸውም? እኔን ዋሽተኸኝ የለ?»

«ለፖሊስ መዋሸት ሌላ ነገር ነው። ዳጉ ላይ?» የአባቱን መቃብር ቆፍር ያልኩት ይመስል አየኝ። «እናቴ በሕይወት አለች እኮ፣ ኢንስፔክተር!»

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። ባዕዳኑ ሰማይ ላይ ቀን ከሌት የሚዞሩ ድሮኖች አሏቸው። መኪና ያገኛሉ፣ ስልክ የያዘ ሰው ያገኛሉ፤ በረሃ ውስጥ ስልክ የማይዝ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን ይሰወርባቸዋል። ሳዓዳ ያን ሰው ታገኘዋለች። ጭንቅላቷ ላይ ሽቦ እየለጠፉ እንዴት እንደምታስብ ለማሽኑ ሊያስተምሩት ነው። ማሽኑ ከሷ ከተማረ ወዲያ ሰው የሚሸሸግበት በረሃ አይኖርም። ይሄ ሁሉ ምስጢር ነው፤ ጋዲቶ የሰማው ቋንቋቸውን አያውቅም ብለው ፊቱ ስለሚያወሩ ነው።

«አንድ ቀን» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያዮ ሃንፍሬ የሚባል ግመል አርቢ ጠፍቷል፣ ልጆቹ ይፈልጉታል አሏት። የሰማችውን አገናኝታ ካርታ ላይ ጠቆመችላቸው። ወዲያው ያ ቦታ ከሰማይ ተመታ። ሲጨባበጡ አየኋቸው። እኔም ልጅ አለኝ፣ ኢንስፔክተር። አውርደኝ ስትለኝ አወረድኳት።»

ባለ አህያዋ ሴት ዛህራ እንደምትባል የነገረኝም እሱ ነው፤ በጋውን የምታሳልፈው ዳይ በሚባለው ጫካ፣ ጎዳ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። በማግሥቱ ወጣሁ። ከባሕሩ ሙቀት ወጥቶ የጥዱ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ብርድ ብርድ ይላል። ሳዓዳ ከአንድ ግንድ ሥር ተቀምጣ ፍየል ግልገል እያባበለች ነበር። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«ዛሬ ትመጣለች ብዬ ለዛህራ ነግሬያት ነበር» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«አባ ሉባክ ሁልጊዜ ግመሎቹን እዚያ ነው የሚያውላቸው። ጋዲቶ ደግሞ ዳጉ ላይ መዋሸት አይችልም። አንቺ ግን መቀመጥ አትወጂም፤ ለዚያ ብዬ አንድ ቀን ጨመርኩልሽ።»

«እንዳገኝሽ ፈልገሽ ነው?»

«አንቺ ካላገኘሽኝ ሌላ ሰው ይልኩ የለ?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ግልገሉን ለቀቀችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ያ ሁሉ ብልህነት ከላይዋ ወረደና አሥራ አንድ ዓመቷ ብቻ ቀረ።

«ልጆቹ ይፈልጉታል ብለውኝ ነው» አለች። «ያዮን። ጠቆምኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ በኩል ዳጉ ቀረ። ከሁሉም ቦታ ይመጣል፤ ከያዮ ሰፈር ብቻ የለም።» አለቀሰች። «እኔ ነኝ ያስገደልኩት፣ አይደል?»

አቀፍኳት። ብዙ ወንጀለኛ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደሜ ፈልቶ አያውቅም። «የዋሹሽ ናቸው ጥፋተኞቹ» አልኳት።

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ልታሳልፊኝ ነው?»

«ትእዛዙ እንደዚያ ነው።»

«ነገሩ ምስጢር ነው ይላሉ፣ አይደል?»

«የምስጢር ምስጢር።»

«ታዲያ አሁን ተራራውን ስትወርጂ፣ ሰዎች ዳጉ ሲሉሽ ምን ልትያቸው ነው?»

አየኋት። አየችኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሳቄ መጣ።

«ለማን ልጀምር?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። «ረንዳ መንደር ማር ለሚሸጠው ሰውዬ። ነገ ጀልባ ይሳፈራል። የጀልባው ባለቤት ለአክስቱ ይነግራል፤ አክስቱ የኮሚሽነሩ እናት ጎረቤት ነች። ደግሞ ለጨው ጫኞቹ ንገሪ፤ እነሱ ወደብ ላይ ዘመድ አላቸው።»

ሳዓዳን ዛህራ ጋ ትቼ ወረድኩ። መንገድ ላይ ላገኘሁት ሁሉ መኪናዬን አቆምኩ፣ ወረድኩ፣ ተቀመጥኩ። ማሩን ቀመስኩ፣ ስለ ታመመ ፍየል ሰማሁ፣ ከዚያ ዳጉዬን ሰጠሁ፦ ሽቦውን፣ ማሽኑን፣ የያዮን ነገር፣ ሐሙስ የሚነሳውን አውሮፕላን። ልጅቷ ደህና መሆኗንና ተራራ ላይ መሆኗንም አልደበቅኩም። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። ሙሴ ቫልደን እንዳይሰማ ስጋት አልነበረኝም፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የፍየል ወሬ የሚሰማ ሰው አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ሐስና! ለእናቴ ምን ነገርሻት?»

«እናትዎን አላየኋቸውም ጌታዬ።»

«ልጅ የሚሸጥ ወንድ አልወለድኩም ብላ በር ዘጋችብኝ! የሚኒስትሩም አክስት ደውላለች። ወደብ ላይ ደግሞ ጫኝ አውራጁ የነዚያን ሰዎች ዕቃ አንነካም ብሎ እጁን አጣጥፏል። አገሩ ሁሉ ስለ ሽቦና ስለ ማሽን ነው የሚያወራው! ማን ነው ምስጢሩን ያወጣው?»

«ምን ምስጢር ጌታዬ? እኔ የተነገረኝ ትምህርት ቤት ነው።»

ትንፋሹን ሰማሁ።

«ልጅቷስ?» አለ በመጨረሻ፣ በሌላ ድምፅ።

«ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች።»

«እንግዲያው መዝገቡን ዝጊው» አለ። ቆየት ብሎ ጨመረ፦ «በአላህ፣ እናቴን ካገኘሻት... መዝጋቴን ንገሪያት።»

አውሮፕላኑ ያለ ልጅ ተነሳ። በምስጢር ብቻ መኖር የሚችል ነገር በየጀልባው ሲወራ አንድ ሳምንት አልቆየም፤ ማዕከሉ በሩን ዘጋ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አሁን የሰፈር ፍየል ይገባል። ጋዲቶን በምን ልከሰው? ሰው ራሱን ማሰሩ ወንጀል መሆኑን ሕጉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ሳዓዳ ወደ አባቷ ተመለሰች። ከትምህርት ቤት ወጥታ እንደ ድሮዋ ጀልባ መቆሚያው ላይ ትቀመጣለች፤ ግን አትጠቁምም። የጠፋ ፍየል ሲጠይቋት እንኳ «አላውቅም» ትላለች። እኔም አንዳንዴ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ሁለታችንም ምን እንደምንጠብቅ እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ጨው ጫኝ ከግመሎቹ ጋር መጣና ቁጭ አለ። ዳጉው መጨረሻ የለውም። የጉድጓዱ፣ የነፋሱ፣ የሰርጉ። ዳጉ አይቋረጥም፤ ሳዓዳ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች።

«...ከዚያ በላይ ያዮ ሃንፍሬን አገኘሁት» አለ ሰውዬው። «ሰላም ብሏል። ነጭ ግመሉን እርግዝናው ከብዷት ስለነበር ሰፈሩን ለቆ ወደ ሩቁ ውኃ ወስዷት ነበር። በለቀቀ ማግሥት የድሮ ሰፈሩን ከሰማይ እሳት መታው፤ ድንጋይ ብቻ ነው የተቃጠለው። ግመሏ ወልዳለች። ግልገሏ ሴት ናት። ወተቱ ጥሩ ነው።»

ሳዓዳ አላቋረጠችውም። እጄን ብቻ ያዘችና ጨበጠችው፤ ጣቶቼ እስኪያሙኝ ጨበጠችው። ሰውዬው ስለ ነፋስ ቀጠለ፣ ስለ ጨው ዋጋ ቀጠለ፣ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ተራዋ ደረሰ።

«ታጁራ ደህና ናት» አለችው፣ እንባዋ እየወረደ። «ዝናብ አልጣለም። ጀልባዋ በሰዓቷ ገብታለች። ወደዚያ ስትመለስ ደግሞ ለያዮ ንገረው፤ አንዲት የማያውቃት ልጅ ደህና ነች በለው።»